ጡሩምባው ከጎርፉ በፊት ይነፋ፦ ለወረዳችን ምክር ቤትና አስተዳደር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የወረዳችን ምክር ቤት አባላት
ለተከበሩ የወረዳችን ዋና ሥራ አስፈጻሚ

ጤና ይስጥልን።

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ ከእንጦጦ ከሚወርዱት የአዲስ አበባ ወንዞች በአንዱ ዳር የምንኖር የሦስት ብሎክ ነዋሪዎች ነን። እናንተ ታውቁናላችሁ። ወንዙን፣ ወረዳውንና የሰዎቹን ስም የተውነው የማንንም ስም ለማጥፋት ስላልተነሳን ነው። የተነሳነው ክረምት ከመግባቱ በፊት መልስ ለማግኘት ነው።

ባለፈው ወር ስብሰባ ጠርታችሁን ነበር። የመድረኩ ሰብሳቢ "በወረዳችን የጎርፍ ስጋት ያለባቸው ቦታዎች ተለይተው ተጠናቀዋል" አሉ። አጨበጨብን፤ ከልባችን ነው ያጨበጨብነው። ከኋላ ወንበር አንዲት እናት እጃቸውን አወጡና "የኔ ቤት አለበት?" ብለው ጠየቁ። ዝርዝሩ ለውስጥ ሥራ የተዘጋጀ ስለሆነ ለሕዝብ አይገለጽም ተባሉ። እሳቸውም ተቀመጡ። በሳምንቱ በእድራችን ማህተም ደብዳቤ አስገባን። "ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል" ተባልን። እስካሁን ሌላ ቃል አልሰማንም። ግንቦት ገብቷል፤ ሰኔ ደጃፍ ላይ ቆሟል። ስለዚህ ያልተመለሰልንን ጥያቄ ሁሉም ሰው እየሰማ ልንጠይቃችሁ ነው።

መጀመሪያ ግን ባለፈው ሐምሌ መገባደጃ ላይ የሆነውን እንንገራችሁ። በሪፖርታችሁ ላይ አንድ መስመር ሆኖ ሳይሰፍር አልቀረም። እኛ ዘንድ ግን አንድ ሙሉ ሌሊት ነበር።

ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ነው። ሰፈራችን ላይ የሚዘንበው ካፊያ ነበር፤ ቆርቆሮውን እንኳ በወጉ አያንኳኳም። ማንም አልሰጋም። የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ለሽንት ወጥቶ ነው የወንዙን ድምፅ የሰማው። ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ሰማሁ ይላል። ባትሪውን ሲያበራ ውሃው የታችኛውን አጥር አልፏል። ስልኩ ቻርጅ አልነበረውም። ቢኖረውስ ለማን ይደውላል? ቤት ገብቶ ጡሩምባውን አነሳና ነፋው።

በኛ ሰፈር ጡሩምባ ለቀብር ነው፤ የሚነፋውም ሊነጋጋ ሲል ነው። በዚያ ሰዓት ሲነፋ ሰው ሁሉ "ማን ሞተ?" እያለ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወጣ። ለለቅሶ የወጣው ሰው ነው ውሃውን ያየው። እናቶች ልጆቻቸውን አቅፈው ወደ ላይኛው መንገድ ሮጡ። ከወገብ በታች የማይንቀሳቀሱ አንዲት አዛውንት የወጡት አራት ጎረምሶች በተነቀለ በር ላይ አስተኝተው በትከሻቸው ተሸክመዋቸው ነው።

ጡሩምባውን ሰምተው ያልወጡም ነበሩ። ባልና ሚስት ናቸው፤ ሁለቱም ከሰባ በላይ ናቸው። "ለቅሶ ከሆነ ሲነጋ እንደርሳለን" ብለው ተኙ። ጎረቤት በሩን ሰብሮ ሲገባ ውሃው አልጋቸው ላይ ደርሶ ነበር። ሰው አልሞተም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እንጀራ ጋግራ ልጆቿን የምታሳድግ ጎረቤታችን ግን ሁለት ኩንታል ጤፍ፣ የኤሌክትሪክ ምጣዷንና የሊጥ ባልዲዎቿን አጣች። ከቀናት በኋላ ጭቃውን በአካፋ ስንዝቅ ከሥሩ የወጣው ጤፍ ማብቀል ጀምሮ ነበር።

አሁን ወደ ቅሬታዎቻችን እንግባ።

አንደኛው ስለ ማስጠንቀቂያ ነው። የዚያ ቀን የወረዳው የቴሌግራም ቻናል ላይ "በወንዝ ዳር የምትኖሩ ነዋሪዎች አስፈላጊውን ጥንቃቄ እንድታደርጉ" የሚል መልእክት ወጥቷል። የወጣው ግን ውሃው ከገባ በኋላ፣ ሲነጋ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። እኛ በዚያን ሰዓት ፍራሽ አጥር ላይ እያሰጣን ነበር። በጊዜው ቢወጣስ? ከኛ ብሎክ አዛውንቶች አብዛኞቹ የያዙት ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፤ ቴሌግራም አያውቁም። በወረዳው ግቢ ሰሌዳ ላይ ሰኔ ውስጥ የተለጠፈ ማስታወቂያም ነበር። እሱም "ጥንቃቄ ይደረግ" ይላል። የቱ ጥንቃቄ? ማን ይውጣ? በየት በኩል? ወዴት? አንዱንም አይናገርም።

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ክረምቱ ሳይገባ አጠቃላይ ትንበያ ያወጣል። በየአሥር ቀኑም ያወጣል። በሬዲዮና በቴሌቪዥን "ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነ ከባድ ዝናብ ሊኖር ይችላል" ሲባል ሁላችንም እንሰማለን። ግን 30 ሚሊ ሜትር ለኛ ምን ማለት ነው? አንድ ወጣት መሐንዲስ የሰፈራችን ልጅ አስልቶ አስረዳን። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 30 ሊትር ውሃ ነው፤ ከአንድ ቢጫ ጀሪካን ይበልጣል። መቶ ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ 3 ሺህ ሊትር ይሆናል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከወረደ፣ ከኛ በላይ ያለው ጣሪያና አስፋልት ሁሉ እዚያው ሳያስቀር ወደ ወንዙ ይልከዋል። ይህን ያስረዳን የሰፈር ልጅ ነው። ከትንበያው ወደ ደጃችን የሚያደርሰውን ይህን ትርጉም መሥራት ግን የወረዳው ሥራ ነው ብለን እናምናለን። "ከባድ ዝናብ ይጠበቃል" የሚለው ዜና "የታችኛው ብሎክ ዛሬ ማታ ልጆቹን ላይ ቤት ያሳድር" ወደሚል ቃል ካልተቀየረ ለኛ እንደ ማንኛውም ዜና ሰምተን የምናልፈው ነው።

ደግሞም ጎርፉ የሚመጣው ከኛ ሰማይ አይደለም። እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ከተማው በደቡብ በኩል አቃቂ ሲደርስ ወደ 2 ሺህ 100 ሜትር ዝቅ ይላል። ላይ የዘነበው ታች ለመድረስ ጊዜ አይወስድበትም። የድሬዳዋን ማን ይረሳል? ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ከ250 ሰው በላይ የጨረሰው፣ ከከተማው በላይ ባለው ደጋ በወረደ ዝናብ ነው። ደቻቱ በበጋ ሰው በአሸዋው ላይ የሚሻገረው ደረቅ ወንዝ ነው። ሕዝቡ ተኝቶ ነበር። እዚሁ አዲስ አበባም በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የአንድ ቀን ጎርፍ ሰባት ሰው ገድሏል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ከኛ በላይ ያለው ሰፈር ወንዙ ሲሞላ አይቶ ለኛ የሚደውልበት ቁጥር የለውም። ከላይኛው ሰፈር እኛ ጋ ለመድረስ ውሃው ግማሽ ሰዓት እንኳ ቢወስድበት፣ በግማሽ ሰዓት ስንት ሰው ይወጣ ነበር!

ሁለተኛው የቀዩ ቀለም ጉዳይ ነው። ይህን ሰፋ አድርገን ልንናገረው ግድ ነው፤ የሰፈሩ ሰው ሌሊት የሚያወራው ስለሱ ነውና።

መጋቢት ላይ ሁለት ወጣት ባለሙያዎች መጥተው ቤታችንን ለኩ። በየአጥራችን ላይ በቀይ ቀለም ቁጥርና ክብ ምልክት አደረጉ። "ምንድን ነው?" ስንላቸው "መረጃ ነው" አሉን። በቃ። አንዲት እማማ ምልክቱን በነጠላቸው ጫፍ በጋዝ እያሹ ሊያስለቅቁት ሞከሩ። ሌላው ጎረቤት ቆርቆሮውን ገልብጦ መታው። ለምን መሰላችሁ? በዚህ ከተማ ቀይ ምልክት ያለበት ቤት ምን እንደሚሆን ሁሉም ስለሚያውቅ ነው። የወንዝ ዳር ልማት አለ፤ ኮሪደር ልማት አለ። ምልክቱ የጎርፍ ይሁን የፈረሳ የነገረን የለም። ስንገምት "ጎርፍ" የሚለው ቃል ራሱ ማስነሻ ሰበብ መስሎን ቀረ።

ይህ አለመተማመን የሚያስከትለውን እዩት። ባለፈው ክረምት ውሃ ከገባባቸው ቤቶች ሦስቱ ለማንም አልተናገሩም። ጭቃውን በሌሊት ጠርገው፣ የረጠበውን ግድግዳ በምንጣፍ ሸፍነው "እኛ ጋ ምንም አልገባም" አሉ። "ስጋት ያለበት ቤት" ተብሎ መመዝገብን ከጎርፉ ይልቅ ፈሩት። እንግዲህ እናንተ ለይተን ጨረስን ያላችሁት ዝርዝር ውስጥ እነዚህ ሦስት ቤቶች የሉም ማለት ነው። ሲብስ ደግሞ እነሱ ናቸው ለወንዙ የቅርብ ቅርብ ያሉት።

መነሳት ያለበት ሰው የለም አንልም። አንዳንዱ ቤት የተሠራው ወንዙ በሚተኛበት ቦታ ላይ ነው፤ ይህን ደፍረን እንናገራለን። እዚያ ያሉ ጎረቤቶቻችን ራሳቸው "የሚሆን ቦታ ከተሰጠን እንሄዳለን" ብለዋል። ግን ሰው በጎርፍ ስም ተመዝግቦ በልማት ስም የሚነሳ ከመሰለው እውነቱን አይናገርም። እውነቱ ካልተነገረ ደግሞ የእናንተ ካርታ ወረቀት ነው።

ሦስተኛው የዕቅድና የበጀት ዘመን ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያልቃል። ክረምቱ ደግሞ ሰኔ ገብቶ መስከረም ይወጣል። ስለዚህ ሰኔ ላይ ቦይ ይጠረግ ስንል "በጀት ተዘግቷል" እንባላለን። ሐምሌ ላይ ስንሄድ "የአዲሱ ዓመት በጀት ገና አልተለቀቀም" እንባላለን። ሲለቀቅ ዝናቡ አልፏል። ይህን ያለችን አንዲት የወረዳው ሠራተኛ ናት፤ ተናዳ ነው የነገረችን። የሷ ጥፋት አይደለም። ግን ምክር ቤቱ በየዓመቱ ይህን ዕቅድ ሲያጸድቅ አንድ አባል እንኳ "ዝናቡ መቼ ነው የሚዘንበው?" ብሎ መጠየቅ ነበረበት።

አምና ቦያችን የተጠረገው ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነው። ወጣቶቹ በብርቱ ሠሩ፤ በላስቲክ ቦት ጫማ ቀኑን ሙሉ ሲዝቁ አይተናል። የወጣው ደለልና የሃይላንድ ፕላስቲክ ግን ቦዩ አፍ ላይ ተቆልሎ ቀረ። "መኪና ይመጣል" ተባለ። መኪናው ሳይመጣ በሦስተኛው ቀን ዘነበና ክምሩን መልሶ ቦዩ ውስጥ ከተተው። በሪፖርቱ ላይ "ይህን ያህል ሜትር ቦይ ተጠረገ" ተብሎ ተጽፏል። ሐሰት አይደለም፤ ተጠርጓል። ውሃው ግን ገባ። የምንለምናችሁ፣ የሥራችሁ መለኪያ የተጠረገው ሜትር ሳይሆን ውሃ ያልገባበት ቤት ይሁን።

ስለ ኮብልስቶኑ ባጭሩ እንናገር። መንገዱ ሲነጠፍ ደስ ብሎን አዋጥተናል። ከሥሩ አፈር ሲሞላ ግን መንገዱ ከቤታችን ደፍ በላይ ከፍ አለ። አሁን ዝናብ ሲዘንብ መንገዱ ቦይ፣ በራችን ደግሞ የቦዩ መውጫ ሆኗል። ከወንዙ ማዶም ለአንድ ግንባታ የድጋፍ ግንብ ተሠራ። ውሃው ማዶ ቦታ ሲያጣ ወደኛ ዞረ። ለሁለቱም ሥራ ፈቃድ ሲሰጥ እኛን የጠየቀን የለም።

ከጎርፉ በኋላ የሆነውንም አናልፈውም። ሦስት ጊዜ ተመዝግበናል። በመጀመሪያው ብርድ ልብስ መጣ፤ እናመሰግናለን። በሁለተኛው ፎቶ ተነሳን። በሦስተኛው የጠፋብንን ንብረት ዝርዝር አስረከብን። ዝርዝሩ የት እንደደረሰ አናውቅም። እንጀራ የምትጋግረው ጎረቤታችን ምጣዷን የገዛችው ከእድሩ ተበድራ ነው፤ እስካሁን እየከፈለች ነው።

እነዚህን ስናነሳ ችሮታ እየጠየቅን አይደለም። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። በአንቀጽ 43 ደግሞ ማኅበረሰባችንን በሚመለከት ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ ሐሳባችንን እንድንሰጥ የመጠየቅ መብት ይሰጠናል። በ2005 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ፖሊሲም አደጋ ከደረሰ በኋላ ከመሯሯጥ አስቀድሞ ስጋትን ወደ መቀነስ እንሂድ ብሎ የወጣ ነው። ይህን በክፍለ ከተማ ሥልጠና ላይ የሰማነው ከእናንተው ባለሙያዎች አፍ ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

የጎርፍ ስጋት ዝርዝሩ እስከ ሰኔ 1 በየብሎኩ ይለጠፍ። የሰው ስም አያስፈልገንም፤ የቤት ቁጥሩ ይበቃል። ሲለጠፍ የቀረ ቤት ካለ እኛው እንነግራችኋለን፤ ያለአግባብ የገባም ካለ እንዲሁ።

ይህ ዝርዝር ለማንሳት ሥራ እንደማይውል በማህተም የተረጋገጠ ደብዳቤ ይሰጠን። መነሳት ያለበት ቤት ካለ ጉዳዩ ለብቻው፣ ባለቤቱ ፊት ለፊት ተነጋግሮበት፣ የሚሄድበት ቦታ ታውቆ ይታይ። በአጥራችን ላይ ያለው ቀይ ምልክት ምን እንደሆነም በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይነገረን።

ለማስጠንቀቂያ ያለንን ተጠቀሙ። የእድር ጡሩምባ አለን፤ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ድምፅ ማጉያ አለ፤ የብሎክ ተጠሪዎች ስልክ አለ። የቀብርና የጎርፍ ጡሩምባ እንዳይምታታ አነፋፉን ለይተን እንወስን። ጡሩምባ ነፊያችን ለጎርፍ አጭር አጭር፣ ሳያቋርጥ እነፋለሁ ብሏል። ሰውን ማለማመድ የኛ ሥራ ነው። ከላይኛው ወረዳ ጋር ተነጋግራችሁ በወንዙ ዳር የሚኖር አንድ ሰው ለኛ የሚደውልበትን መስመር መዘርጋት ግን የእናንተ ነው። የከተማው የእሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን የሚጠራበት 939 ቁጥርም በየበሩ በትልቁ ይጻፍ፤ ያን ሌሊት ቁጥሩን የሚያውቅ አንድ ሰው ሰፈሩ ውስጥ አልነበረም።

የምንሸሽበት ቦታ ይወሰን። ላይኛው መንገድ ላይ ያለው ትምህርት ቤት በክረምት ዝግ ነው። ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ እንወቅ። ያን ሌሊት እናቶች ከነሕፃናቱ ሁለት ሰዓት በካፊያ የቆሙት በተቆለፈው በር ፊት ነው።

ቦዩ እስከ ግንቦት መጨረሻ ይጠረግ፤ ደለሉም በዚያው ቀን ይነሳ። የሰው ጉልበት ከኛ፣ መኪናው ከእናንተ። ምክር ቤቱም የመጪውን ዓመት ዕቅድ ሲያይ የጎርፍ ሥራ በጀት ከሚያዝያ በፊት እንዲለቀቅ ይወስን።

የኮብልስቶኑን ከፍታና የማዶውን ግንብ መጥቶ የሚያይ መሐንዲስ ይላክልን። ያየውንም ለኛም በግልባጭ ያድርስ። ሦስት ጊዜ የተመዘገብንበት ዝርዝር የት እንዳለ ይነገረን።

በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ መልስ እንጠብቃለን። እንዲቀልላችሁ ስብሰባውን በእድራችን ድንኳን ውስጥ እናዘጋጃለን፤ ቀኑን እናንተ ምረጡ። ጡሩምባ ነፊያችንም ይገኛል፤ አነፋፉን እዚያው ያሰማችኋል።

ከአክብሮት ጋር

የወንዝ ዳር ሦስት ብሎኮች ነዋሪዎች እድር ጸሐፊ፣
ስለ ነዋሪዎቹ